ታርታሩ ከውሃው ነው ወይስ ከምራቄ? ከደጀን ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው አጠር ሲል እንዲህ ነው፦ «34 ዓመቴ ነው፣ አስተማሪ ነኝ፣ የምኖረው ደጀን ነው። ከታች የፊት ጥርሶቼ ጀርባ በምላሴ በኩል ቢጫ ድንጋይ ይጋገርብኛል። በቀን ሁለቴ እቦርሻለሁ፣ ዓምና አሳጥቤው በአራት ወሩ ተመለሰ። የኛ ሰፈር ውሃ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ነገር ይጋግራል፣ ከሱ ይሆን? አንድ ሰው ደግሞ ምራቅሽ ወፍራም ነው፣ ካልሲየም በዝቶብሻል፣ ወተት ተይ አለኝ። እህቴ እዛው ቤት ነው የምትኖረው፣ እሷ ድንጋይ የላትም ግን ጥርሷ በየጊዜው ይቦረቦራል። እናቴ ካሳጠበች በኋላ ጥርሷ ተነቃንቆ ሁለቱ ስለወለቁ ደግሜ ማሳጠብ ፈራሁ፣ አሁን በወስፌ ቀስ እያልኩ እያነሳሁት ነው። ምራቄን የሚያስተካክል መድኃኒት አለ?»

ወስፌውን አስቀምጪ፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግርሻለሁ። ምራቅ የሚያስተካክል መድኃኒት የለም፣ ቢኖርም ላንቺ አላዝልሽም ነበር፣ ምክንያቱም ምራቅሽ አልታመመም፣ ስራውን እየሰራ ነው። ድንጋዩ፣ ታርታር የሚባለው፣ የሚሰራበት ማዕድን ከምራቅሽ ነው የሚመጣው፣ እውነት ነው፣ ግን ምራቅ ብቻውን ንጹህ ጥርስ ላይ ድንጋይ አይጋግርም። ምራቁ ሲሚንቶው ነው ብለሽ ያዢው፣ ምርጊቱ ደግሞ ጥርስ ላይ የሚቀረው ለስላሳ ነጭ ቆሻሻ፣ እኛ የጥርስ ባለሙያዎች ፕላክ የምንለው ነው። ሲሚንቶውን ማቆም አትችይም፣ ምርጊቱን ግን በየቀኑ ማንሳት ትችያለሽ። ያንቺ ጉዳይ በሙሉ እዚህ ላይ ነው ያለው።

ከውሃው ልጀምር ምክንያቱም ይሄን ጥያቄ ካንቺ ሰፈር የሚመጡ ሰዎች ሁሉ ይጠይቁኛል። ደጀን የዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ናት፣ ከስሯ ያለው ገደል የኖራ ድንጋይ ያለበት ነው፣ ስለዚህ ከዛ አካባቢ የሚወጣ ውሃ ኖራ ቢይዝ አይገርምም፣ ማንቆርቆሪያሽ ላይ የምታይው ነጭ ነገርም እሱ ነው። ግን የማንቆርቆሪያው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ የጥርስሽ ደግሞ በአብዛኛው ካልሲየም ፎስፌት ነው፣ ማለትም ራሱ ጥርስሽና አጥንትሽ የተሰሩበት ቤተሰብ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ደግሞ የጠጣሽው ውሃ አፍሽ ውስጥ የሚቆየው ለሴኮንዶች ነው፣ ምራቅ ግን ሌት ተቀን እዛው ነው። ከሁሉ በላይ ምስክሯ እህትሽ ናት፣ ከአንድ ጀሪካን እየጠጣችሁ አንቺ ድንጋይ አለሽ እሷ የላትም፣ ውሃው ቢሆን ኖሮ ሁለታችሁም ይኖራችሁ ነበር። ውሃውን ለመቀየር ብለሽ የፕላስቲክ ውሃ እየገዛሽ ከሆነ ገንዘብሽን አታባክኚ።

አሁን ወደ ምራቁ። አንድ ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚደርስ ምራቅ ያመነጫል። 99 በመቶው ውሃ ነው፣ ቀሪዋ አንድ በመቶ ናት ጉዳዩን ሁሉ የያዘችው፣ ካልሲየም አለ፣ ፎስፌት አለ፣ ባይካርቦኔት አለ፣ ብዙ አይነት ፕሮቲን አለ። ካልሲየሙና ፎስፌቱ በምራቅ ውስጥ ያሉት ሊሟሙ ከሚችሉት ልክ አልፈው ነው፣ ሻይ ውስጥ ስኳር አብዝተሽ ጨምረሽ ታች ሊዘቅጥ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። ይሄ ስህተት እንዳይመስልሽ፣ ሆን ተብሎ የተሰራ ነው፣ ምክንያቱም በበላን ቁጥር ባክቴሪያ ስኳሩን ወደ አሲድ እየቀየረ ከኢናሜሉ፣ ማለትም ከጥርስ ጠንካራ የላይ ሽፋን፣ ማዕድን ያሟሟል፣ ምራቅ ደግሞ ያንን አሲድ እያረገበ የጎደለውን ማዕድን መልሶ ይሞላል። ይሄ ባይኖር ጥርሳችን ገና በልጅነት ተበልቶ ያልቅ ነበር።

ታዲያ ማዕድኑ ከልክ ካለፈ ለምን ጥርሱ በሙሉ ድንጋይ አይሆንም ትይኛለሽ። ምራቅ ውስጥ ማዕድኑን ይዘው እንዳይዘቅጥ የሚከላከሉ ፕሮቲኖች አሉ፣ ዋናው ስታተሪን ይባላል፣ ፓይሮፎስፌት የሚባል ንጥረ ነገርም ያግዛል። ንጹህ ጥርስ ላይ እነዚህ ስራቸውን በደንብ ይሰራሉ። ችግሩ ፕላክ ውስጥ ነው። ጥርስሽን ቦርሸሽ በደቂቃዎች ውስጥ ከምራቅ ፕሮቲን የተሰራች በዓይን የማትታይ ስስ ሽፋን ኢናሜሉ ላይ ትለጠፋለች፣ ባክቴሪያ እሷ ላይ ይሰፍራል፣ ይራባል፣ በምላስሽ ስትነኪው የሚያሟልጭ ነገር ይሆናል። እዛ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ተከላካይ ፕሮቲኖቹን ይሰባብሯቸዋል፣ በምራቅ ውስጥ ያለውን ዩሪያ ወደ አሞኒያ ይቀይራሉ፣ አሞኒያው የአካባቢውን አሲድነት ይቀንሰዋል፣ አሲድ ሲቀንስ ደግሞ ካልሲየምና ፎስፌት ሟሙተው መቆየት አይችሉም፣ ይዘቅጣሉ። የሞቱት ባክቴሪያዎች ገላ ራሱ ማዕድኑ የሚይዝበት ማገር ይሆናል።

እዚህ ላይ ማንቆርቆሪያሽ አንድ ነገር ያስተምረናል። ውሃ ሲፈላ ውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተንኖ ይወጣል፣ ያኔ ነው ኖራው የሚጋገረው። ምራቅም ከእጢው ሲመጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ነው፣ ከቱቦዋ ወጥቶ አፍ ውስጥ አየር ሲያገኘው ጋዙ ያመልጣል፣ አሲድነቱ ይቀንሳል፣ ማዕድኑን መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ ድንጋዩ የሚበዛው ምራቅ ከቱቦ በሚወጣበት በር ላይ ነው። መስታወት ያዢና ምላስሽን ወደ ላይ አንሺው፣ ምላስን ከስር ከያዘችው ክር ግራና ቀኝ ትንንሽ እብጠቶች ታያለሽ፣ የታችኛው መንጋጋ እጢ ምራቅ በነሱ ነው የሚወጣው፣ እና ፊት ለፊታቸው ያለው ምንድነው? ልክ ድንጋይ የጋገረብሽ ቦታ። ሁለተኛው ቦታ ላይኛው መንጋጋ ጥርስ በጉንጭ በኩል ነው፣ የጆሮ ግንድ እጢ ቱቦ ጉንጭ ውስጥ የሚከፈተው እዛ ትይዩ ነው። ስለዚህ አስተማሪዋ እህቴ፣ እዛ ቦታ ላይ መሆኑ ያንቺ ብቻ የሆነ በሽታ አይደለም፣ ሁላችንም የተፈጠርነው እንደዛ ነው።

ፍጥነቱ ነው ብዙ ሰው የማይገምተው። ያልተነሳ ፕላክ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ መጠንከር ይጀምራል፣ በአማካይ 12 ቀን አካባቢ ሲሞላው የበሰለ ድንጋይ ነው፣ ከክብደቱ 70 እስከ 80 በመቶው ማዕድን ይሆናል፣ ያኔ ብሩሽ አይነካውም። እንዲያውም ከመጠንከሩ የተነሳ የጥንት ሰዎችን አጽም የሚያጠኑ ባለሙያዎች ከጥርሳቸው ድንጋይ ውስጥ የምግብ ስታርችና የባክቴሪያ ዲኤንኤ እያወጡ ሰዎቹ ምን ይበሉ እንደነበር ያነባሉ፣ ስንት ሺህ ዓመት መሬት ውስጥ ቆይቶ ማለት ነው። እና እሱን ነው በብሩሽ ፍትጊያ አስለቅቃለሁ የምትይው።

የእህትሽ ነገር ግራ አያጋባሽ፣ የአንድ ሳንቲም ሁለት ገጽ ነው። ፕላኩ ብዙ ጊዜ አሲዳም ከሆነ ማዕድን ከጥርስ ይወጣል፣ ጥርስ ይቦረቦራል። አሲድነቱ ዝቅ ካለ ማዕድን ወደ ፕላኩ ይገባል፣ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ድንጋይ የሚበዛበት ሰው ጥርሱ ብዙም ሳይቦረቦር ሲቀር በየጊዜው እናያለን፣ ሁሌ ግን አይደለም፣ ሁለቱም ያለባቸው ሰዎች አሉ። የምራቅ መጠንና ይዘት ከሰው ሰው ይለያያል፣ አበላልም ይለያያል፣ እህትሽ ምናልባት ሻይዋን በስኳር ቀኑን ሙሉ የምትጎነጭ ልትሆን ትችላለች፣ ጠይቂያት።

«ምራቅሽ ወፍራም ነው፣ ወተት ተይ» ያለሽን ሰው አትስሚው። ሰውነት በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም በጣም ጠባብ ልክ ላይ ጠብቆ ነው የሚይዘው፣ ወተት ጠጣሽ ብሎ ምራቅሽ ውስጥ አያፈሰውም፣ ወተት ከተውሽ ደግሞ የምራቅሽ ካልሲየም አይቀንስም፣ የሚጎዳው አጥንትሽ ነው። የኛ ሰው ጾም ስለሚያበዛ ወተት የሚያገኝበት ቀን ራሱ ውስን ነው፣ ያችንም አታስቀሪ። ምራቅ ሲቀንስ ታርታር ይቀንሳል ብሎ ማሰብም ስህተት ነው፣ አፍ ሲደርቅ የሚያጥብ የለም፣ ፕላክ ይከመራል፣ ጥርስ ይቦረቦራል፣ አፍ ይሸታል። ለደም ግፊት፣ ለአለርጂ፣ ለጭንቀት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች አፍ ያደርቃሉ፣ እንደዛ ያለ ነገር ከጀመርሽ በኋላ አፍሽ ደርቆ ከሆነ መድኃኒቱን በራስሽ አታቁሚ፣ ለሐኪምሽ ንገሪው። ጾም ላይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይታኘክ ስለሚዋል የምራቁ ፍሰት ዝቅ ይላል፣ ማታ ስንተኛ ደግሞ ሊቆም ትንሽ ነው የሚቀረው፣ ለዚህ ነው የማታው ቡረሻ ከጠዋቱ ይበልጣል የምለው። ሳሙናውን እንዳልውጠው ብለሽ በጾም ጠዋት የማትቦርሺ ከሆነ ብሩሹን በውሃ አርጥበሽ ያለ ሳሙና ቦርሺ፣ ፕላክን የሚያነሳው ዋናው ብሩሹ ነው። የሃይማኖቱን ጥያቄ ለንስሐ አባትሽ ተይው።

አሁን እናትሽ ጋ እንምጣ፣ ምክንያቱም ፍርሃትሽ የመጣው ከዛ ነው፣ ይሄ ፍርሃት ደግሞ በጎጃም ገጠር ስንቱን ሰው ጥርስ እንዳሳጣ ሳስብ ያመኛል። ሰው ድዱ እየደማ፣ አፉ እየሸተተ፣ ጥርሱ እየሸሸ «ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል» ብሎ ዓመታት ይቆያል፣ ከዛ ሊያስነቅል ይመጣል።

እስካሁን ያወራነው ከድድ በላይ ስላለው ቢጫ ድንጋይ ነው። ከድድ ስር የሚሰራ ሌላ ድንጋይ አለ፣ ጥቁር ወይ ቡናማ ነው፣ ጥርሱን የሙጥኝ ብሎ ይይዛል፣ በመስታወት አይታይም። እሱ ማዕድኑን የሚያገኘው ከምራቅ ሳይሆን በድድና በጥርስ መሃል ከምትወጣው፣ ከደም ከሚመነጨው ፈሳሽ ነው። ድንጋዩ ራሱ ሻካራ ነው፣ በላዩና በአጠገቡ ባክቴሪያ ይሰፍራል፣ ድድ ይቆጣል፣ ሰውነት ከባክቴሪያው ጋር ሲታገል ጥርሱን የያዘው አጥንት እየተበላ ወደ ታች ይሸሻል። ይሄ ሲሆን ብዙ ጊዜ አያምም፣ መጥፎነቱ እሱ ነው። አጥንቱ አልቆ ጥርሱን ቀጥ አድርጎ የያዘው የተጋገረው ድንጋይ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ድንጋዩ ሲነሳ ጥርሱ ሲነቃነቅ ይታያል፣ ሰውም እጥበቱ ነው ያነቃነቀው ይላል። እናትሽን አላየኋትም፣ ግን የብዙ እናቶች ታሪክ እንዲህ ነው፣ አጥንቱ ያለቀው ከእጥበቱ ብዙ ዓመት በፊት ነው። ስኬሊንግ፣ ማለትም የጥርስ እጥበቱ፣ ኢናሜል አይልጥም፣ ጤነኛ ጥርስ አያነቃንቅም። ከእጥበት በኋላ ለጥቂት ቀን፣ አንዳንዴም ለሁለት ሳምንት ያህል፣ ቀዝቃዛ ነገር ጥርስን ሊነዝረው ይችላል፣ ጥርስና ጥርስ መሃልም ክፍተት ይታያል፣ ክፍተቱን ድንጋዩ ሞልቶት ነበር እንጂ አዲስ የተፈጠረ አይደለም።

ድድ ሙሉ በሙሉ መዳን እንደሚችል ደግሞ እወቂ፣ ገና አጥንቱ ካልተነካ። በ1965 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ውስጥ ሃራልድ ሎ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ድዳቸው ጤነኛ የሆኑ 12 ሰዎችን ጥርስ መቦረሽ አስቆሟቸው፣ ሁሉም ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ድዳቸው ተቆጣ፣ መቦረሽ ሲጀምሩ ደግሞ በሳምንት አካባቢ ወደ ጤንነቱ ተመለሰ። አጥንት ግን አንዴ ከሸሸ እንዲህ በቀላሉ አይመለስም፣ ያኔ የምንችለው ባለበት ማቆም ነው።

ወስፌው። ስትፍቂበት ድንጋዩ ከላይ ተሰብሮ ይወጣል፣ ስሩ ይቀራል፣ የቀረው ከበፊቱ የባሰ ሻካራ ስለሚሆን ፕላክ ቶሎ ይይዛል፣ ስለዚህ ቶሎ ይመለስብሻል። ካመለጠሽ ድድሽን ይወጋል፣ የጥርስሽን ስር ይጭራል፣ ያልተቀቀለ ብረት ደም ካለበት ቦታ ጋር መነካካቱ ራሱ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል፣ ከሰው ጋር የምትጋሩት ከሆነ ሄፓታይተስ ቢም አለ። ሎሚም ተመሳሳይ ስህተት ነው፣ ድንጋዩና ኢናሜሉ ሁለቱም ካልሲየም ፎስፌት ስለሆኑ ድንጋዩን የሚያሟሟ አሲድ ኢናሜሉንም ያሟሟል፣ ሎሚው ለይቶ አያውቅም። አመድና የከሰል ዱቄት ደግሞ ይፍቃሉ፣ ከቡና ከሻይ የመጣውን ቀለም ሊያነሱ ይችላሉ፣ ድንጋዩን ግን አያነሱም፣ ኢናሜሉንም እያሳሱት ይሄዳሉ።

ፀረ ታርታር ተብለው የሚሸጡት የጥርስ ሳሙናዎች ፓይሮፎስፌት ወይ ዚንክ አላቸው፣ አዲስ ድንጋይ ከድድ በላይ እንዳይሰራ በተወሰነ ደረጃ ይቀንሳሉ፣ ያለውን አያወጡም፣ ከድድ ስር አይደርሱም። ካገኘሽ ተጠቀሚ፣ ካላገኘሽ ፍሎራይድ ያለው ተራው ይበቃል። ክሎርሄክሲዲን የሚባለውን መጉመጥመጫ ግን ያለ ትእዛዝ ለወራት አትጠቀሚ፣ ባክቴሪያ ይገድላል ግን ጥርስ ያጠቁራል፣ ድንጋዩንም ያበዛዋል።

አሁን ስለ አቦራረስሽ ላውራ። በቀን ሁለቴ እቦርሻለሁ ብለሻል፣ አምንሻለሁ፣ ግን ክሊኒክ ውስጥ ሰዎችን ቦርሹ ብዬ ሳያቸው አብዛኛው ሰው የሚቦርሸው ሲስቅ የሚታየውን ፊት ነው፣ የታችኛውን ጥርስ ጀርባ ብሩሹ ሳይነካው ያልቃል። መፋቂያም እንደዛው፣ ወይራውም ክትክታውም ጥሩ ነው፣ በደንብ ታኝኮ ጭራሮው ከለሰለሰ ፕላክ ያነሳል፣ እጄን አውጥቼ እመሰክርለታለሁ፣ ግን ቀጥ ያለ እንጨት ስለሆነ ጀርባው ላይ ማዞር ይከብዳል፣ ሰውም ከፊት ፍቆ ይተወዋል። ስለዚህ ማታ ከመተኛትሽ በፊት፣ ሳሙናው አፍሽን ሳይሞላውና ሳትሰለቺ፣ መጀመሪያ ከታችኛው ጥርስ ጀርባ ጀምሪ። ለስላሳ ብሩሽ ያዢ፣ ቁመቱን አቁሚው፣ ጫፉን ድድና ጥርስ የሚገናኙበት ላይ አድርገሽ ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ጥርሱን ጥረጊ። ከዛ ላይኛው መንጋጋ በጉንጭ በኩል፣ አፍሽን ትንሽ ገጠም ስታደርጊው ጉንጭሽ ይላላና ብሩሹ ይገባል። ከዛ ሌላው። በጠቅላላው ሁለት ደቂቃ። በጥርስ መሃል ክር ወይ ትንሿን የመሃል ብሩሽ አስገቢ፣ ፋርማሲ ትጠይቂያለሽ። መጀመሪያ ሰሞን ሊደማ ይችላል፣ ደማ ብለሽ አታቁሚ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ከደማ ግን መታየት አለበት።

ይሄን ሁሉ አድርገሽም ትንሽ ድንጋይ ሊመለስ ይችላል፣ ይሄን አልደብቅሽም። ምራቅሽ በማዕድን የበለጸገ ከሆነ አንድ ቀን ያመለጠሽ ቦታ ቶሎ ይጠነክራል። የሚለወጠው መጠኑና ፍጥነቱ ነው፣ ለዛም ነው ክትትል የሚያስፈልገው።

ከማሳጠብሽ በፊት ለሐኪሙ የምትነግሪያቸው ነገሮች አሉ። በጉሮሮ ህመም ተነስቶ የሚመጣው የልብ ቫልቭ ህመም በአገራችን ብዙ ነው፣ እንደዛ ያለ ታሪክ ካለሽ ሳትጠየቂ ተናገሪ፣ በተለይ ሰው ሰራሽ ቫልቭ ያለው ወይም የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ታሞ የነበረ ሰው ከእጥበቱ በፊት አንቲባዮቲክ መውሰድ አለበት። ዋርፋሪን ወይ ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ፣ ስኳር ካለብሽ፣ ነፍሰ ጡር ከሆንሽም ንገሪ። እርግዝና ማሳጠብን አይከለክልም፣ እንዲያውም ድድ በእርግዝና ጊዜ ስለሚቆጣ ይጠቅማል፣ ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ወር ያለው ጊዜ ይመቻል። መሳሪያው በአውቶክሌቭ፣ በእንፋሎት ጀርም በሚገድለው ማሽን፣ የተቀቀለ መሆኑን ጠይቂ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ከዚህ ጋር አታምታቺ፣ ምግብ ስትበይ ወይ ገና ስታስቢው ከአገጭሽ ስር እያበጠ የሚያምሽ ከሆነ ድንጋዩ ያለው ጥርስ ላይ ሳይሆን የምራቅ ቱቦ ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ ያ ሌላ ህክምና ነው፣ ቶሎ ታይው።

የኔ ምክር ይሄ ነው። በዚህ ወር ውስጥ ደብረ ማርቆስም ሆነ አዲስ አበባ፣ ለሚቀርብሽ የጥርስ ሐኪም ታይ፣ እጥበት ብቻ አይደለም የምትይው፣ «የድዴን ጥልቀት ለኩልኝ» በይ። ሚሊሜትር የተጻፈባት ቀጭን መለኪያ አለች፣ በየጥርሱ ዙሪያ ትገባለች፣ እስከ 3 ሚሊሜትር ጤነኛ ነው፣ 4 እና ከዛ በላይ ከሆነ ከድድ ስርም መጽዳት አለበት፣ ራጅም ሊያስፈልግ ይችላል። ያንቺ በአራት ወር ስለተመለሰ ቀጣዩን ቀጠሮ ከአራት ወር አታሳልፊው፣ ያኔ ድንጋዩ ካነሰ ወደ ስድስት ወር እናራዝመዋለን። እናትሽንም ይዘሻት ሂጂ፣ የቀሩት ጥርሶቿ ይለኩ፣ ስኳሯም ይታይ፣ ጥርስ እየተነቃነቀ ሲወልቅ ስኳር ከጀርባው የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። እህትሽ ደግሞ የተቦረቦረው ሳያማት ታስሞላው።